የዚያች ልጅ እናት

"ክፈቺልኝ፣ ሚጡ። እዚሁ ነኝ። የትም አልሄድም።"

አማካሪዋ ይህን ያለችው ከልጇ መኝታ ቤት በር ውጭ፣ የኮሪደሩ ወለል ላይ ተቀምጣ ነው። እንደተቀመጠች ግማሽ ሰዓት አልፏታል። ወገቧ መቆርጠም ጀምሯል፤ አንድ እግሯ ደንዝዟል። ልጅቷ ዛሬ ትምህርት ቤት አልሄደችም፤ በሩ ከውስጥ ተቆልፏል።

በሌላ ቀን ቢሆን የበሩ መቆለፍ እልል የሚያሰኝ ነበር። የአስራ አምስት ዓመቷ ሚጡ ባለፉት አስራ አንድ ወራት በር ዘግታ አታውቅም። የመኝታ ቤቷን በር እንዳይዘጋ በወንበር ደግፋ ነው የምታድረው። መታጠቢያ ቤት ስትገባ እንኳ በሩን ገርበብ አድርጋ እናቷን ኮሪደሩ ላይ ዘብ ታቆማለች። ይህ የሌላ ሰው ልጅ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ፣ አማካሪዋ መዝገቧ ላይ "ዛሬ በራሷ ፈቃድ በር ዘጋች፤ ትልቅ መሻሻል" ብላ በጻፈች ነበር። የራሷ ልጅ ሆነችና ግን እጀታውን ደግማ ሞከረች።

"ሚጡዬ፣ እየሰማሁሽ ነው። መናደድሽ ልክ ነው። ስሜትሽን..."

"በሥራ ድምፅሽ አታናግሪኝ!" አለች ልጅቷ ከውስጥ።

"የሥራ ድምፅ" የሚለውን ስም ያወጣችው ሚጡ ናት። ዝግ ያለ፣ የተለሰለሰ፣ የመጨረሻዋን ቃል ቀስ አድርጎ የሚያሳርፍ ድምፅ ነው። አማካሪዋ የምትሠራበት የሴቶች ማእከል ውስጥ ስንቷን ያለቀሰች፣ ስንቷን የተንቀጠቀጠች ሴት አረጋግቷል። በዚሁ ድምፅ ጠዋት ማታ "ቀስ ብለሽ ተንፍሺ" ስለምትል፣ ሴቶቹ ከኋላዋ "ተንፍሺ መጣች" ይላሉ። እሷም ሰምታ ስቃለች። ቤቷ ሲገባ ግን ይኸው ድምፅ አንድ ቀን እንኳ በር አስከፍቶላት አያውቅም።

"እሺ፣ በየትኛው ድምፅ ላናግርሽ?"

ከዚያ የሚጡ እግር ወደ በሩ ሲጠጋ ተሰማ። ልጅቷም በበሩ ማዶ ወለሉ ላይ ቁጭ ሳትል አልቀረችም፤ ድምፅዋ አሁን ከታች፣ ከቅርብ መጣ።

"ትናንት የክፍል ጓደኛዬ ምን እንዳለችኝ ልንገርሽ?"

"ንገሪኝ።"

"እናቷ አንቺ ጋ ነው የምትመጣው፤ ባንክ ቤት የምትሠራዋ። ትናንት በእረፍት ሰዓት ጠጋ ብላ፣ 'እማዬ የምትሄድበት ቦታ ስለ አንዲት ልጅ ይወራል፤ መጋዘን ውስጥ ከአንዲት አሮጊት ጋር ተዘግቶባት፣ አሮጊቷ እስክትሞት ድረስ የባዮሎጂ ደብተሯን ስታነብላት ነበር አሉ። አንቺ ነሽ እንዴ?' አለችኝ።"

የአማካሪዋ ቆሌ ተገፈፈ።

ነገሩ የሆነው መጋዘን ውስጥ አልነበረም። አሮጊትም አልነበረችም። የዛሬ አስራ አንድ ወር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሚጡ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ሊፍት ውስጥ ስትገባ ሰባተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ ጎረቤት አብረዋት ገቡ። በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ተበላሽቷል፤ የሊፍቱ ባለሙያ ከከተማው ዳር ነው የሚመጣው። ትንሽ ቆይቶ ሽማግሌው ደረታቸውን ያዙ። ልጅቷ ምን ታድርግ? "አውሪኝ የኔ ልጅ፤ ዝም አትበይ" አሏት። የምታወራው ሲጠፋት ደብተሯን አውጥታ፣ በስልኳ ብርሃን፣ ስለ ዕፅዋት ሥር ታነብላቸው ጀመር። ሁለተኛው ሰዓት ላይ እስትንፋሳቸው ቆመ። እሷ ማንበቧን አላቆመችም። ሲያወጧት ደብተሩን ጨርሳ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምራው ነበር።

ስለ ደብተሩ የነገረችው ለእናቷ ብቻ ነው፤ ለአባቷ እንኳ አልነገረችውም። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ አንብቢ ስትባል እየሮጠች ትወጣለች። ጓደኛዋ አንድና አንድን የደመረችው ከዚህ ተነስታ ነው።

"ሚጡ፣ ስም አልጠራሁም። ቦታውን ቀይሬያለሁ፤ ሰውየውን ቀይሬያለሁ..."

"ደብተሩን አልቀየርሽም።"

"አልቀየርኩም።" አማካሪዋ ዓይኗን ጨፈነች። ለምን እንዳልቀየረችው ታውቃለች። ደብተሩን ስትጠቅስ ነው ሴቶቹ የሚያለቅሱት።

"ማውራትሽስ ይሁን፤ እሱም አናዶኛል፤ ግን ይሁን። በታሪክሽ ውስጥ የፈጠርሻት እናት ናት ያቃጠለችኝ!" የልጅቷ ድምፅ ተሰበረ። "ጓደኛዬ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? 'እናትሽ ግን ስታስቀና! አራት ሰዓት ሙሉ በር ላይ ቁጭ ብላ "እዚሁ ነኝ፣ የትም አልሄድም" ስትልሽ...' አለችኝ። አራት ሰዓት ሙሉ! ያቺ እናት ለእኔ መቼ ነው የመጣችው?"

በዚያን ዕለት አማካሪዋ ማእከሉ ውስጥ ነበረች። ሴቶቹ ሰብሰብ ብለው ሲወያዩ የሁሉም ስልክ፣ የሷም ጭምር፣ ድምፁ ጠፍቶ ቅርጫት ውስጥ ይገባል፤ ደንቡን ያወጣችው ራሷ ናት። ሃያ ሦስት ጊዜ ተደውሎላታል። ስልኳን ስታወጣ ሚጡ ከሊፍቱ ወጥታ፣ በሕንጻው ጥበቃ ኮት ተጠቅልላ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር።

"አሁን ያልሽኝንም ከታሪክሽ ላይ ነው የቀዳሽው" አለች ሚጡ። "'እዚሁ ነኝ' አልሽ። ዛሬ!"

ልጅቷ እውነቷን ነበር። አማካሪዋ ወለሉ ላይ ሆና፣ በመደጋገም የለመደ አፏ ያመጣላትን ነው የተናገረችው።

"አክስቴ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ትወስደኛለች። ደውዬላታለሁ። ከእንግዲህ እሷ ጋ ነው የምኖረው።"

"ለስንት ቀን?"

ከውስጥ የሻንጣ ዚፕ ሲከፈት ተሰማ።

"ዛሬ ሥራ አልሄድም፤ ቁጭ ብለን እንነጋገር።"

"ሂጂ። እዚህ ብትቀመጪ በሩን አልከፍትም። ብትሄጂ ግን ልብሴን በሰላም እሸክፋለሁ።"

አማካሪዋ ተነሳች። ብትቀር ልጅቷን በር ዘግታ ማገቷ ነው፤ ብትሄድ ደግሞ ያንኑ ጥላ የመሄዷን ነገር መድገሟ። ለባሏ ደወለች። የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ በወር ሁለቴ ነው ቤቱ የሚያድረው። "እኔ ምን ልበልሽ?" አላት፤ ከበስተጀርባው ሞተር ይጮኻል። "ባለሙያዋ አንቺ። አንቺ ያቃተሽን እኔ ከመሪ ላይ ሆኜ ላስተካክለው?" ሰውየው በቅን ልቦና ነው ያለው፤ እሷ ግን ስልኩን ልትወረውረው ቃጣት።

በአምስተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ቆማ የሊፍቱን ቁልፍ ተጫነች። ከሚጡ ጋር ሲሆኑ አስራ አንድ ወር ሙሉ በደረጃ ነው የወጡት የወረዱት። ብቻዋን ስትሆን ግን በሊፍት ነው የምትወርደው፤ ይህንንም ለልጇ ነግራት አታውቅም። ዛሬ በሩ ሲዘጋ አየሩ ያነሳት መሰላት። እጇን ብረቱ ላይ ለጥፋ አምስቱን ፎቅ ቆጠረች።

የማእከሉ አዳራሽ ለወጉ አዳራሽ ይባል እንጂ ድሮ የዕቃ ማከማቻ የነበረ ክፍል ነው። አንድ መስኮት አለው፤ እሱም ጣሪያው ሥር። ዘጠኙ ሴቶች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ስልኮቹ ቅርጫት ውስጥ ገብተዋል። በየሳምንቱ የመጀመሪያው ነገር የቤት ሥራ ነው፤ እያንዳንዷ በሳምንት አንድ ሰዓት ለራሷ ብቻ ምን እንዳደረገች ትናገራለች።

የጀመረችው እንደ ሁልጊዜው ዳቦ ጋጋሪዋ ነበረች። በዕድሜ ትልቋ እሷ ናት፤ ጥርስ የማታስከድን ሴት ናት።

"እኔማ፣ ልጄ፣ እንዳልሽው መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ ማንም አልነካኝም።"

"ጎበዝ! ምን አደረግሽበት?"

"ግድግዳውን ፈተግሁ።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አማካሪዋም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም። ጥግ ላይ የተቀመጠችው የባንክ ሠራተኛ ቀና ብላ አላየቻትም። ከዚህ ክፍል ወሬ ይዛ መውጣቷ እንደታወቀባት የገባት ይመስላል። አማካሪዋ ልትወቅሳት አልቻለችም። "እዚህ የተነገረ እዚህ ይቀራል" የሚለውን ደንብ ይቺ ሴት ብታፈርሰው፣ አማካሪዋ ራሷም ወሬውን ከሚጡ አፍ ሰርቃ ነው ያመጣችው።

ተራው ልብስ ሰፊዋ ጋ ደረሰ። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ነበር የተቀመጠችው።

"እኔ ለመሰናበት ነው የመጣሁት" አለች።

"ምነው እህቴ? ምን ሆንሽ?"

"ልጄ አስራ አራት ዓመቱ ነው። የዛሬ ሦስት ሳምንት ትምህርት ቤት አራት ሆነው ደበደቡት፤ ቦርሳውን ወሰዱበት። ቤት መጣ። እኔ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም በገፍ ይዤ፣ ማስረከቢያው ደርሶብኝ፣ ማሽኑ ላይ ነኝ። ከኋላዬ ቆሞ 'እማ' አለኝ። ማሽኑ ይጮኻል። ዞር ሳልል 'ቆይ' አልኩት። 'እማ' አለኝ ደግሞ። 'ቆይ አልኩህ እኮ!' አልኩት። መደብደቡን የሰማሁት በሦስተኛው ቀን ከመምህሩ ነው። ከዚያ ወዲህ አያናግረኝም።"

ሴቶቹ ከንፈር መጠጡ።

"እዚህ ስመጣ ደግሞ ያቺን የምትነግሪንን እናት አስባለሁ" አለች ልብስ ሰፊዋ። "እሷ በብረት በር በኩል ልጇን ሰማች። እኔ በሁለት ክንድ ርቀት አልሰማሁም። እኔ የእሷ ጫፍ አልደርስም። ከዚህ ወጥቼ ቤቴ በገባሁ ቁጥር ራሴን እጠላዋለሁ። ስለዚህ አመሰግናለሁ፣ ይበቃኛል።"

"ራስሽን ከሌላ ሰው ጋር አታወዳድሪ" አለች አማካሪዋ፤ በሥራ ድምፅዋ።

"አንቺ ነሽ እኮ ያወዳደርሽኝ!"

ልብስ ሰፊዋ ይህን ያለችው በቁጣ አልነበረም፤ በድካም ነው። አማካሪዋ ግን በጥፊ የተመታች ያህል ደነገጠች። ክብ ሠርተው የተቀመጡት ሴቶች በሙሉ ያዩዋታል። አንድ ቃል ቢወጣት ይቺን ሴት ታስቀራታለች፦ እናትየዋ አልመጣችም። ያንን ቃል ለማውጣት ግን እንደገና ስለ ሚጡ ማውራት ሊኖርባት ነው። ዝም ብትል ውሸቷ ይቺን እናት ከልጇ ጋር ያራርቃል፤ ብትናገር ለሁለተኛ ጊዜ ልጇን መስረቋ ነው። መውጫ አጣች። በልጇ ዕድሜ ልክ የሌሎችን ሴቶች ጭንቅ ስትፈታ የኖረች ሴት፣ በገዛ እጇ ተብትባ የገባችበትን መፍታት አቃታት።

ብድግ አለች። ቅርጫቱ ውስጥ እጇን ሰድዳ የራሷን ስልክ አወጣች።

"ውይ!" አለች ዳቦ ጋጋሪዋ። "ደንቡስ?"

"አንድ ደቂቃ ስጡኝ። እህቴ፣ አንቺም አንድ ደቂቃ ብቻ ጠብቂኝ።"

ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ደወለች። አልተነሳም። ደገመች። በሦስተኛው ላይ ሚጡ አነሳች።

"ምንድነው?"

"አንድ ነገር ላስፈቅድሽ ነው። እናትየዋ ውሸት እንደሆነች ልነግራቸው እፈልጋለሁ። ግን እሱን ስናገር ስለ አንቺ ማውራቴ ሊሆን ነው። አይሆንም ካልሽ እሺ፤ እተወዋለሁ።"

በስልኩ ውስጥ መሳቢያ ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማል። ልጅቷ ልብሷን እየሸከፈች ነው።

"ለምንድነው የምትነግሪያቸው? እኔ እንድቀርልሽ?"

"አይደለም።" አማካሪዋ ትንሽ አሰበች። እውነቱ ያ ብቻ እንዳልሆነ ታወቃት። "እሱንም ተመኝቼ ይሆናል። ግን እዚህ አንዲት እናት በእኔ ውሸት ራሷን እየጠላች ነው።"

የመሳቢያው ድምፅ ቆመ።

"ስለ እኔ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ" አለች ሚጡ። "ስለ ራስሽ የፈለግሽውን ተናገሪ።" ስልኩን ዘጋችው።

አማካሪዋ ስትመለስ ልብስ ሰፊዋ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር፤ አልወጣችም። አማካሪዋም ሳትቀመጥ ተናገረች። የሥራ ድምፁ አልመጣላትም፤ የወጣው ድምፅ ሻከር ያለና የሚንቀጠቀጥ ነው።

"ስለዚያች ልጅ ከእንግዲህ አላወራም። መጀመሪያም የእኔ ስላልነበረ ማውራት አልነበረብኝም። እናንተም አትጠይቁኝ፤ ከዚህ ወጥታችሁም ስለ እሷ አታውሩ። ስለ እናትየዋ የነገርኳችሁ ግን ውሸት ነው። በር ላይ የተቀመጠች እናት የለችም። እኔ ፈጥሬያት ነው።"

አማካሪዋ ወደ ቅርጫቱ ጠጋ አለች።

"ስለ ራሴ ልንገራችሁ። አንድ ቀን፣ እናትነቴ በተፈለገበት ሰዓት፣ ሃያ ሦስት ጊዜ ተደወለልኝ። አላነሳሁም። ስልኬ ቅርጫት ውስጥ ነበር።"

የሴቶቹ ዓይን አንድ ላይ ወደ ቅርጫቱ ሄደ። የባንክ ሠራተኛዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ታዲያ ለምን ዋሸሽን?" አለች ዳቦ ጋጋሪዋ። ቀልዱ ከፊቷ ላይ ጠፍቷል። "እኔ ያቺን እናት ለምራቴ ሁሉ ነግሬያታለሁ፤ እንደሷ ሁኚ ብዬ ስንት ጊዜ አዋርጃታለሁ!"

"እንደዚያ በሆንኩ ብዬ ስለተመኘሁ ነው። ለእናንተ በነገርኳችሁ ቁጥር የሄድኩላት ይመስለኝ ነበር። ቀለል ይለኝ ነበር። ያንን በማድረጌ አፍራለሁ።"

የባንክ ሠራተኛዋ ስልኳን ከቅርጫቱ አንስታ ምንም ሳትል ወጣች። አማካሪዋ አልጠራቻትም።

"ልጅሽ ይቅር አለችሽ?" ጠያቂዋ ልብስ ሰፊዋ ናት።

"አላለችኝም።"

"ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ?"

"አላውቅም።"

ይህ ቡድን በተሰበሰበባቸው አስራ አራት ሳምንታት ውስጥ በዚያ ክፍል ከአማካሪዋ አፍ "አላውቅም" ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አላወረደችም፤ ግን ተመልሳ መጥታ ወንበሯ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን አማካሪዋ ሠፈሯ ደረሰች። የእህቷ ትንሽ ነጭ መኪና የሕንጻው በር ላይ ቆማለች። እህቷ በዕድሜ ስድስት ዓመት ትበልጣታለች፤ ልጅ አልወለደችም፤ ሚጡን ከልጅነቷ ጀምሮ እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምታያት።

"እንግዲህ እኔ አልመከርኳትም" አለች አክስትየዋ ገና ሳትጠየቅ። "ደወለችልኝ፤ መጣሁ። ምን ላድርግ?"

"ደግ አደረግሽ፣ እትዬ።"

አማካሪዋ በደረጃው ወጣች። ሚጡን ያገኘቻት በሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው፤ ከራሷ የሚከብድ ሻንጣ እየጎተተች፣ በእያንዳንዱ ደረጃ ጓ እያደረገች ትወርዳለች። ፊቷ በለቅሶ አብጧል። እናቷ የሻንጣውን አንዱን ጎን ያዘች። ሚጡ አልከለከለቻትም። ለሁለት ይዘው መውረድ ጀመሩ።

"ነገርሻቸው?"

"ስለ ራሴ ብቻ።"

"ምን አሉሽ?"

"አንዷ ጥላ ወጣች። አንዷ ስለ ምራቷ ተቆጣችኝ። አንዷ ይቅር አለችሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።"

ሚጡ ሻንጣውን ወደ ሌላው እጇ አዛወረች። "ምን አልሻት?"

"አላለችኝም አልኳት።"

ልጅቷ ቆም ብላ እናቷን አየቻት። የቀረውን ደረጃ ወረዱ። አማካሪዋ በየደረጃው አንዳንድ ዓረፍተ ነገር በአፏ ይመጣባታል፤ ሁሉም ያማሩ፣ ሁሉም ከሥራ ቦታ የመጡ ነበሩ። አንዱንም አልተናገረችውም። ልጄ አትሂጂብኝ ማለት ነበር የፈለገችው፤ እሱንም ዋጠችው።

ሻንጣው ተጫነ። ሚጡ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። አክስትየዋ መኪናዋን ከማስነሳቷ በፊት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ልጅቷ እንደሌለች ሁሉ፣ በመስኮቱ በኩል እህቷን ጠየቀቻት።

"እሑድ ልመልሳት? ወይስ ትንሽ እስክትረጋጋ፣ እስከ ፈተናው ድረስ ትቆይ? አንቺ ታውቂያለሽ፤ ቀኑን ንገሪኝና እኔ አመጣታለሁ።"

"እሑድ" የሚለው ቃል አማካሪዋ ከንፈር ላይ ደርሶ ነበር። እሑድ ሩቅ አይደለም፤ ሦስት ቀን ነው። አንድ ቀን ተቆርጦ ቢያዝ ቤት ስትገባ የምትቆጥረው ነገር ይኖራት ነበር።

"እሷን ጠይቂያት" አለች።

አክስትየዋ ግራ ገብቷት ወደ ሚጡ ዞረች።

"ገና አላወቅሁም" አለች ሚጡ፤ ወደ ፊት እያየች።

አክስትየዋ፣ እናት ናትና አንድ ነገር ትላለች ብላ፣ እንደገና እህቷን ቀና ብላ አየቻት።

"እሺ" አለች አማካሪዋ። ቀን አልጨመረችበትም።